አስር ቁጥሩን ያስቀመጥኩበት እሑድ

በዚያ እሑድ ፀሐዬን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት በኳስ ምክንያት አይደለም። ይህን አሁን መናገር ቀላል ነው። ያን ጊዜ ግን ለአንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ ብል ኖሮ የሆነው ሁሉ ባልሆነ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ግዛቸው እባላለሁ። ሮም ውስጥ፣ ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንዛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ በሚገኝ ፎቅ ቤት ፖርቲዬሬ ነበርኩ። በር እጠብቃለሁ፣ ደረጃ እወለውላለሁ፣ የሰው ፖስታ እለያለሁ። ሐሙስና እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነኝ። ቀኑን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። በየጣሊያኑ ቤት የሚሠሩት ሴቶቻችን ከሥራ የሚወጡት በእነዚያ ሁለት ቀናት ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለሆነ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ኳሱም በእነሱ ሰዓት ነበር የሚሄደው። ማሊያውን የገዙት እነሱ፣ የሚያጥቡት እነሱ፣ ስንሸነፍ የሚሰድቡኝም እነሱ ናቸው።

ጊዜው 1975 ዓ.ም. መስቀል ሰሞን ነው። ጣሊያን በዚያው ክረምት የዓለም ዋንጫ ወስዳ ስለነበር ኳስ የማይራገጥ ሰው አልነበረም። ዶን ፒዬትሮ የሚባሉ ቄስ ከሳን ሎሬንዞ ወዲያ ባለው የቤተክርስቲያናቸው አቧራማ ሜዳ ላይ የስደተኞች ውድድር አዘጋጁ። እኛም ለፍጻሜ ደረስን፤ ያደረሰን ፀሐዬ ነው።

ፀሐዬ አስር ቁጥር ለባሽ፣ ኳስ አከፋፋይ ነበር። በቁመቱ የተነሳ ጣሊያኖቹ ሎንጎ ሲሉት የእኛም ሰው ስሙን ትቶ ሎንጎ አለው። እኔ በወጣትነቴ ለፋብሪካ ቡድን ተጫውቻለሁ፤ ብዙ ጥሩ ተጫዋች አይቻለሁ፤ እንደሱ ቀና ብሎ የሚጫወት ግን አላየሁም። ኳሷን አያያትም፣ ሰው ነው የሚያየው።

ሮም የገባ ሰሞን እኔ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ዳቦ እየቆረሰ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው እንዲህ አለኝ፦

«ጋሽ ግዛቸው፣ እኔ እኮ አገር ቤት ሞቻለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀም። ሰሜን ግንባር ዘምቶ ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቹ ዙሪያውን ሲረግፉ ጠመንጃውን ጥሎ ወደ ሱዳን ተሻገረ። አባቱ አቶ ገብረሃና ልጃቸው ካርቱም መድረሱን በሰው በሰው ሰሙ። የከዳ ወታደር ቤተሰብ ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ጉለሌ ውስጥ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ልጄ ግንባር ላይ ወደቀ ብለው ድንኳን አስተከሉ። ነፍሮ ተቀቀለ። እናቱ በሕይወት ላለ ልጃቸው ደረታቸውን እየደቁ ሦስት ቀን አለቀሱ።

«እሙዬ ስታለቅስ እውነት መስሎ ያስፈራ ነበር አሉ» አለኝ ፀሐዬ። «ይህን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ማንም ከእኔ አይሰማም አልኩት። ቃሌንም ጠበቅኩ፤ ምን ያደርጋል!

ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ እኛ በምንሰበሰብበት ቡና ቤት ቆሜ ሳለሁ፣ ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው መጥቶ ጨበጠኝ። ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

«አሰልጣኙ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ብርሃነ እባላለሁ። ለሦስት ወር ኮርስ ነው የመጣሁት።»

«እንኳን ደህና መጡ። ከየት ሰፈር?»

«ጉለሌ። የቀበሌ ሊቀመንበር ነኝ» አለና ቡናውን ፉት አለ። «ሥራው ከባድ ነው ጋሼ። ስንቱን ልጅ ለእናት አገር ጥሪ ላክን፣ ስንቱን አለቀስን። አቶ ገብረሃና የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ አንድ ወንድ ልጃቸው ወደቀ። እኔ ቀበሌው ከመዛወሬ በፊት ነው የዘመተው፤ በአካል አላውቀውም፤ ለቅሶው ላይ ፎቶውን ነው ያየሁት። ድንኳኑን ያስተከልኩላቸው ግን እኔ ነኝ። ነፍሮ ስበላ እንባዬ መጣ።»

እጄ ላይ የነበረውን ሲኒ ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

«እሑድ ጨዋታ አላችሁ አሉ። መጥቼ ፎቶ አነሳችኋለሁ፤ ለማስታወሻ» አለኝ። ምን ልበል? አይምጡ ልበለው? ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰው አይምጡ ማለት ለምን የሚል ጥያቄ መጥራት ነው።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አልኩ። «ደስ ይለናል።»

ከዚያ ሐሙስ እስከ እሑድ እህል በወጉ አልበላሁም። ደረጃ ስወለውል አንዱን ደረጃ ሁለት ጊዜ፣ ሌላውን ጭራሽ እየዘለልኩ ነበር። የሁለተኛው ፎቅ ሴትዮ ሲኞራ ኤልቪራ ታመምክ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቅዳሜ ወደ ፀሐዬ ማደሪያ ሄድኩ፤ ፍራስካቲ ወይን ለቀማ ሄዷል፣ ነገ ከዚያው በቀጥታ ወደ ሜዳ ይመጣል አሉኝ። መልእክት ልተውለት ብዬ ወረቀት አወጣሁና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። እዚያ ክፍል ስድስት ሰው ያድራል። ማን ለማን እንደሚናገር ማን ያውቃል?

እንዲህ ነበርን እኮ። አንድ ማሊያ እየለበስን፣ ከአንድ ሳህን እየበላን፣ አንዱ አንዱን እየፈራ።

ዶን ፒዬትሮ አንድ ልማድ አላቸው። ጨዋታ ሳይጀመር የአስራ አንዱን ተሰላፊዎች ስም ከነአባታቸው ከመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ከፔርሜሶው ላይ እያዩ በድምፅ ማጉያ ያነባሉ፣ ከዚያ ተሰላፊዎቹ ተደርድረው ፎቶ ይነሳሉ። የተቀያሪ ስም አይነበብም፣ ፎቶም አይነሳም። እሑድ ጠዋት ይህን ሳስብ ትንሽ ተነፈስኩ። ፀሐዬን ካስቀመጥኩት ስሙ አይጠራም። ኮፍያ ደፍቶ፣ ጃኬት ደርቦ ወንበር ላይ የተኮራመተ ልጅ ማን ያየዋል? ጺሙን አሳድጓል፣ ጸጉሩን አጎፍሯል፤ በአንድ የለቅሶ ፎቶ አይለይም። ዘጠና ደቂቃ ነው፤ ያልፋል አልኩ።

ሜዳ ስደርስ ብርሃነ ቀድሞኝ ካሜራውን እየወለወለ መስመሩ ዳር ቆሟል። ሴቶቹ በማዶው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ በተርታ ተቀምጠዋል። መካከላቸው ዘርፈሽዋል አለች። ዘርፈሽዋል ከአብዮቱ በፊት ከአንድ የጣሊያን ቤተሰብ ጋር ሮም የመጣች የጉለሌ ሴት ናት። የፀሐዬ አባት ጎረቤቷ ነበሩ፤ ልጁን በሕፃንነቱ አዝላዋለች። የማዘሏን ነገር ሁሉም በየሳምንቱ ይሰማዋል። ድንኳኑን፣ ነፍሮውን፣ ውሸቱን ግን አታውቅም። ማንበብ ስለማትችል የእህቷን ደብዳቤ የማነብላት፣ መልሱንም የፀሐዬን ስም ሳላነሳ የምጽፍላት እኔ ነኝ፤ እህቷም ደብዳቤ ስትጽፍ የጎረቤት ለቅሶ አትነግራትም፤ በሰው አገር መርዶ በደብዳቤ አይነገርም።

ፀሐዬ ሊጀመር አስር ደቂቃ ሲቀረው፣ እጁ በወይን እንደተነከረ እየሮጠ መጣ።

«ይቅርታ ጋሽ ግዛቸው፣ አውቶቡሱ ነው።» ታኬታውን ማጥለቅ ጀመረ።

«ተወው» አልኩት። «ቁጭ በል።»

«ምን?»

«ዛሬ አትሰለፍም። ኡምቤርቶ ይገባል። ይህን ጃኬት ልበስ፣ ኮፍያም አድርግ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ኳስ ሲይዝ ሰው እንደሚያየው ነው ያየኝ፤ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ፈለገ። ብርሃነ ከእኛ ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ብነግረው ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ዞሮ ያያል፤ ዞሮ ያየ ሰው ያስታውቃል። ወደ ቤትህ ሂድ ብለው ደግሞ ሴቶቹ ግልብጥ ብለው ተከትለው ይጎትቱታል።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ቁጭ በል አልኩህ!» ጮህኩበት። ድምፄ ከፍርሃት የተነሳ እንደ ቁጣ ወጣ።

ተቀመጠ። ጃኬቱን ለበሰ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔ ወደ ኡምቤርቶ ዞርኩ።

ኡምቤርቶ ጨዋ ልጅ ነው። አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ የአስመራ ሴት ናት። አስር ቁጥሩን ስሰጠው ማሊያውን አገላብጦ አየው።

«ኢዮ? እኔ? እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«አዎ፣ አንተ። ሩጥ ብቻ።»

ዶን ፒዬትሮ ስም አነበቡ። አስራ አንድ ስም ተቆጠረ፤ የገብረሃና ስም የለበትም። ልጆቹ ተደረደሩ፤ ብርሃነ አነሳቸው። ፀሐዬ አንገቱን ሰብሮ መሬት መሬቱን ያያል። ዳኛው ሲነፋ ፈጣሪዬን አመሰገንኩት።

ምስጋናው የቆየው አስራ አምስት ደቂቃ ነው። ተጋጣሚዎቻችን የኬፕ ቨርዴ ልጆች ነበሩ፤ እግራቸው አይጨበጥም። ኡምቤርቶ ላቡን እያዘነበ ይሮጣል፣ ኳሷ ግን እሱ ወደ ቀኝ ሲል እሷ ወደ ግራ ነው። አንድ ለዜሮ። ከእረፍት በፊት ሁለት ለዜሮ። ከማዶ መጮህ ተጀመረ።

«ሎንጎ! ሎንጎ ይግባ!»

ሎንጎ ይበሉ ግድ የለም። ሎንጎ የማንም ስም ነው። ሰርቄ ብርሃነን አየሁት፤ እሱም ከሰው ጋር እየሳቀ «ሎንጎ!» ይላል።

በእረፍት ሰዓት ዘርፈሽዋል ቦርሳዋን ብብቷ ስር ሸጉጣ ሜዳውን አቋርጣ መጣች።

«ጋሽ ግዛቸው፣ ልጁን ምን ሆነብዎት?»

«ጉልበቱን አሞታል።»

«አሞሃል ወይ ልጄ?» ብላ ወደ ፀሐዬ ዞረች።

«ምንም አላመመኝም» አለ ፀሐዬ። ምን ያድርግ!

ዘርፈሽዋል ወደ እኔ ስትዞር አንቱታው ቀርቶ ነበር። «ትዋሻለህ እንዴ? እኛ እሑዳችንን ሰውተን የመጣነው የአንተን ኩርፊያ ለማየት ነው?»

ያን ጊዜ ክንዷን ይዤ ሁለት እርምጃ ዞር ባደርጋትና በጆሮዋ «የጉለሌ ሊቀመንበር እዚያ ቆሟል፣ የልጁን ስም እንዳታነሺ» ብላት! አምስት ሰከንድ አይፈጅም ነበር። አፌን ከፈትኩ ሁሉ። ነገር ግን የምትሠራበት ቤት ከማን ጋር እንደምትገናኝ አላውቅም፣ አፏ ሰፊ ነው፣ ቃል ገብቻለሁ፣ አልኩና አፌን መልሼ ዘጋሁት።

«ሂጂ ተቀመጪ» አልኳት። «አሰልጣኙ እኔ ነኝ።»

ሄደች፤ አልተቀመጠችም።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ከደረጃው ላይ አንዷ ሴት «ዘመድ የሌለው ልጅ እንዲህ ነው፣ ማንም ያስቀምጠዋል» አለች አሉ። ይህ ለዘርፈሽዋል በቂ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲናቅ የሚቀርበው ስም የራሱ አይደለም፤ የአባቱ ስም ነው። ዘርፈሽዋል ነጠላዋን አደግድጋ ደረጃው አናት ላይ ወጣች፤ የሳን ሎሬንዞ ሰው ሁሉ መስኮት ከፍቶ እስኪያይ ድረስ ጮኸች፦

«ዘመድ የለውም ያለው ማነው? የጉለሌው የአቶ ገብረሃና ልጅ ነው! ያዘልኩት ልጅ ነው! ፀሐዬ ገብረሃና! ፀሐዬ ገብረሃና ይግባ!»

ሴቶቹ በጭብጨባ ተቀበሏት። «የገብረሃና ልጅ! ፀሐዬ ገብረሃና!» እልልታው ቀለጠ።

ብርሃነ ሳቁን አቆመ። መጀመሪያ ወደ ዘርፈሽዋል አየ፣ ቀጥሎ ወደ ወንበራችን። ዘልዬ በመካከላቸው ቆምኩ፤ ግን እኔ አጭር ነኝ፣ ፀሐዬ ረጅም ነው። ደግሞም የአባቱ ስም ሲጠራ ደስ ብሎት ኮፍያውን አውልቆ ለሴቶቹ እያውለበለበ ነበር። ብርሃነ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አነሳ። ቀጭ ሲል የሰማሁ መሰለኝ። ከሃያ እርምጃ፣ በዚያ ጩኸት መካከል፣ መስማቴን እንጃ።

አለቀ። ከእንግዲህ መደበቅ ለማን ነው? ኡምቤርቶን ጠራሁት፤ የተገላገለ ሰው ይመስል እያነከሰ ወጣ። ፀሐዬን «ግባ» አልኩት። ሲያልፍ ትከሻዬን በትከሻው ነካ አደረገኝ፤ ይቅር ብሎኛል።

እንደዚያን ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ለሁለት ጎል አመቻቸ፣ ሦስተኛውን ራሱ አገባ። ሦስት ለሁለት አሸነፍን። ሴቶቹ ሜዳውን ሞሉት፤ ዶን ፒዬትሮ ሳይቀሩ ዘለሉ። እኔ ከሁሉ መሀል ቆሜ ብርሃነን በዓይኔ እፈልግ ነበር።

ብርሃነ ሰዉን እየገፋ መጣና የፀሐዬን እጅ ጨበጠ።

«ጎበዝ ወንድሜ። ፀሐዬ ገብረሃና ነው ስምህ?»

«አዎ» አለ ፀሐዬ እየሳቀ። ሰውየውን አያውቀውም። ደጋፊ መስሎታል።

ብርሃነ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ነፍሮውን በልቼ ነበር እኮ ጋሼ» አለኝ። ካሜራውን ማኅደሩ ውስጥ ከተተና ወደ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በሚወስደው መንገድ ሄደ።

ያን ቀን ዋንጫውን በሁለት እጁ አቅፎ ለያዘ ልጅ ምን ብዬ ልንገር? ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲደርስ ምናልባት ሰውየው ዝም ይል ይሆናል፣ እሱም ወላጅ አለው፣ ልጁን በከንቱ ለምን አስጨንቃለሁ አልኩ። ጥቅምት እንዲህ እያልኩ አለቀ። ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ ፖስታ ስለይ የኢትዮጵያ ቴምብር ካየሁ እጄ ይቆማል። ፀሐዬ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ልምምድ ላይ «ጋሼ፣ ዛሬም ሊያስቀምጡኝ ነው?» እያለ ያሾፍብኛል።

ኅዳር ገባ። አንድ ሐሙስ ዘርፈሽዋል ክፍሌ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከጡት መያዣዋ ደብዳቤ አወጣች። በፖስታ አልነበረም፤ ከአገር ቤት የመጣች ሴት ናት በእጅ ያመጣችው። ስለዚህ እህቷ ጽገረዳ ሳትፈራ ነበር የጻፈችው። ስለ ጤና አነበብኩላት፣ ስለ ጤፍ ውድነት አነበብኩላት። ቀጥሎ ዓይኔ እንዲህ የሚል መስመር ላይ ወደቀ፦

«ጎረቤታችንን አቶ ገብረሃናን ሌሊት ወሰዷቸው። ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ልጅ ሮም ሲስቅ የተነሳው ፎቶ ቀበሌ መጥቷል። ሚስታቸው ስንቅ ታመላልሳለች፣ ፊታቸውን ግን አያሳዩዋትም። ለልጁ እንዴት እንደሚነገረው እናንተ ታውቃላችሁ።»

ዘለልኩት። ምላሴ በራሱ ዘለለው። «እህትሽ ጽገረዳ፣ በናፍቆት» ብዬ ጨረስኩና ወረቀቱን አጠፍኩት።

«አቶ ገብረሃና ሰላምታ አልላኩልኝም? ሁልጊዜ ይልኩ ነበር።»

«ደህና ናቸው ይላል።»

«ተመስገን!» ብላ ተነሳች። ጃንጥላዋን ያዘች። በሩ ላይ ስትደርስ ሳቅ ብላ ዞረች። «ከኬፕ ቨርዴዎቹ ጋር እሑድ የወዳጅነት የመልስ ጨዋታ አይደል? ልጁን ካስቀመጡት ወየውልዎት! አሁንም የአባቱን ስም ጠርቼ ነው የማስገባው። ያኔ ያሳፈርኩዎት ይበቃዎታል።»

ሮም ውስጥ ፀሐዬን እንደ እሷ የሚወደው ሰው አልነበረም። ጆሮዋ ላይ አምስት ሰከንድ ልናገር ያልቻልኩት ሴት እሷ ናት። አሁን ደግሞ እሑድ መጥታ የታሰሩትን ሽማግሌ ስም እየጠራች ልታጨበጭብ ነው፤ እኔም ቆሜ ልሰማ ነው።

«ዘርፈሽዋል» አልኳት። «ነይ ቁጭ በይ። ያላነበብኩልሽ አለ።»

ደብዳቤውን ዘርግቼ አነበብኩላት። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሌለውንም ነገርኳት፤ ድንኳኑን፣ ነፍሮውን፣ ካሜራ የያዘው ሰው ማን እንደነበር፣ ልጁን ለምን እንዳስቀመጥኩት። ጃንጥላዋ ከእጇ ወድቆ ወለሉን አረጠበው። ስጨርስ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለችኝ።

«ፈራሁሽ።»

«እኔን?»

«ሁሉንም።»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስታ አዘቅዝቃ ለበሰች። «ልጁ ሰምቷል?»

«አልሰማም። ልምምድ ላይ ይሆናል፤ እየጠበቀኝ ነው።»

«እንግዲህ በእኔ አፍ ነው የወጣው፣ ከእኔው አፍ ይስማ» አለችና ጃንጥላዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። ክንዷን ያዝኩ።

«ብቻሽን አትሄጂም። እኔ ነኝ ዝም ያልኩት» አልኳት። በሩን ቆልፌ በዝናቡ ተያይዘን ወጣን።

ሜዳው ጋ ስንደርስ ፀሐዬ ከሩቅ አየንና ኳሷን በእግሩ አቁሞ እጁን አውለበለበ። «ዛሬስ ደግሞ ማንን ልታስቀምጡ ነው?» ብሎ እየሳቀ ወደ እኛ መጣ።